ጉሬዛ አውራ ጣቱን የት ጣለው?

ጉሬዛ አውራ ጣት የለውም። እኛ አለን፣ ጦጣም አላት፣ ዝንጀሮም አለው። እሱ ግን ያሉት አራት ረጃጅም ጣቶች ብቻ ናቸው። አውራ ጣቱ ሊኖር በሚገባው ቦታ ትንሽ ጉብታ ነው ያለችው። ኑሮው ዛፍ ላይ ነው፤ ቅርንጫፉን በአራቱ ጣት እየያዘ ይዘላል፣ ይንጠላጠላል። ብዙም አልጎደለበትም።

ይህን የነገርኳቸው ለአራትና ለአምስት ዓመት ልጆች ነው። ጅማ ውስጥ መዋዕለ ህፃናት አስተምራለሁ። ከግቢያችን አጥር ጀርባ አንድ ያረጀ ትልቅ ዛፍ አለ። አንዳንድ ጠዋት ጉሬዛዎች ይመጡበታል። ነጭ ጭራቸውን ቁልቁል ለቀው ቁጭ ይላሉ። የዚያን ቀን አንዷ ልጇን አቅፋ ነበር። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ ጥቁሩ የሚመጣው ከወራት በኋላ ነው። ልጆቹ ነጩን ነገር ሲያዩ አጥሩ ላይ ተለጠፉ። «ቲቸር፣ ጥጥ ይዛለች!» አለ አንዱ።

ልጇ መሆኑን ነገርኳቸው። የአውራ ጣቱንም ነገር ጨመርኩላቸው። ከዚያ «የት ጣለው ይመስላችኋል?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

መልሱ ዘነበ። ቡና ሲለቅም ቅርጫት ውስጥ ረሳው ያለ አለ። ለአያ ጅቦ አበድሮት ጅቡ ካደው ያለም አለ። አንዷ ደግሞ «በር ቀረጠፈው» አለች፤ የራሷን ጣት እያሳየች ነበር የምታወራው። በመጨረሻ፣ ከመስከረም ጀምሮ ክፍል ውስጥ ድምጿን ሰምቼ የማላውቅ አንዲት ልጅ ቀስ ብላ ተናገረች። «ልጇ ስታለቅስ እንድትጠባው ሰጠቻት።»

ሌሎቹ ወዲያው ተቀበሏት። እስከ ዛሬ በክፍላችን የጉሬዛ ተረት ይኸው ነው። እናት ጉሬዛ አውራ ጣቷን ለምታለቅስ ልጇ ሰጠቻት።

በማግስቱ ከሰፈር ልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ መጣሁ። የየልጁን አውራ ጣት ወደ መዳፉ አጥፌ በስሱ አሰርኩት። አሁን ሁላችሁም ጉሬዛ ናችሁ፣ ሥራ ጀምሩ አልኳቸው። ጠጠር ማንሳት ቻሉ፤ በአራት ጣት እየዛቁ አነሱት። ጠመኔ በሁለት ጣት መሃል ሰክተው ሰሌዳ ላይ መስመር አሰመሩ፤ መስመሩ ተንጋደደ። ውሃ በኩባያ ለመጠጣት ሁለቱንም እጅ ፈለገ። የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍ ግን ማንም አልቻለም። ብዙ ታገሉ። «ጉሬዛ ሸሚዝ የማይለብሰው ለዚህ ነዋ!» አለ አንዱ፣ ትልቅ ነገር እንደደረሰበት ሰው ጮኾ። ደግሞም ትልቅ ነገር ነው የደረሰበት። የገዛ እጁ እንዴት እንደሚሠራ ነው ያወቀው።

ጥያቄው በዚህ አላበቃም። እንዴት ይበላል? ቅጠል ነው የሚበላው፤ ቅጠሉን በጣቶቹ ወደ አፉ ይስበዋል። ቅጠል ብቻ እንዴት ያጠግባል? ሆዱ እንደ ላም ሆድ በክፍል በክፍል የተከፈለ ነው፣ ቅጠሉ እዚያ ቆይቶ ነው የሚፈጨው። ስንት ጣት አለው? በአንድ እጅ አራት፣ በሌላው አራት። ጓደኛው ሲጨመርስ? ወለል ላይ ጠጠር ደርድረው ቆጠሩት። በመጨረሻም ጉሬዛ የሚጀምርበትን «ጉ» አሸዋ ላይ በጣታቸው ጻፉት። ደብተር አልወጣም፣ እርሳስም አልተነካም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ልጇን ልትወስድ መጣች። ቦርሳውን ከፍታ ደብተሩን ገለጠችው። «ቲቸር፣ ዛሬ ምንም አልጻፈም እንዴ?» አለችኝ። በቁጣ አልነበረም። ገበያ ውላ ነው የመጣችው፣ ደክሟታል። የወር ክፍያውን ከየት ከየት አጠራቅማ እንደምታመጣው አውቃለሁ። እሷ ያላገኘችውን ልጇ እንዲያገኝ ነው የምትለፋው። እንዲህ ያለችን እናት «ዛሬ ስንጫወት ዋልን» ብሎ መሸኘት አይቻልም። ምን እንደተጫወትን፣ ለምን እንደተጫወትን ቁጭ ብሎ ማስረዳት ግዴታዬ ነው። ይህን ጽሑፍም የምጽፈው ለእሷና እሷን ለሚመስሉ ወላጆች ነው።

ከተማችን ውስጥ ትምህርት ቤት የሚመዘነው በደብተር ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሦስት ደብተር ይዞ ይመላለሳል። የአማርኛ፣ የሂሳብ፣ የእንግሊዝኛ። አፋን ኦሮሞ ሲጨመር አራት ይሆናል። ማታ ማታ የቤት ሥራ አለ። እናት የልጇን እጅ ይዛ «ለ» ን አንድ ሙሉ ገጽ ታስጽፈዋለች። ልጁ ያለቅሳል፣ እናትም ልታለቅስ ይቃጣታል። ሁለቱም ግን ትምህርት ማለት ይኸው ነው ብለው ያምናሉ።

እኔ የማየው ሌላ ነገር ነው። «እስከ መቶ ይቆጥራል» ተብሎ የሚመጣልኝ ልጅ አለ። እውነት ነው፣ ያለ እንቅፋት ይወርደዋል። ግን «ሰባት ጠጠር ስጠኝ» ስለው እፍኙን ሙሉ ይሰጠኛል። ሰባት ለእሱ በዜማ መሃል የሚመጣ ድምፅ እንጂ በእጅ የሚያዝ ብዛት አልሆነም። ፊደሉም እንዲሁ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ይዘልቀዋል። መሃል ላይ አንዱን ነጥዬ ባሳየው ግን ከመጀመሪያው ካልተነሳ አያውቀውም። እንዲህ ያለው ልጅ ሰነፍ አይደለም። ነገሩን ሳይነካው ምልክቱን ስለሰጠነው ነው።

ቁጥርን በቡና ነው የማስተምረው። ጅማ ተቀምጦ ሌላ መፈለግ አያስፈልግም። ጥቅምትና ህዳር ላይ ቡናው ሲቀላ ከጓሮው እሸት የሚያመጣልኝ ወላጅ አላጣም። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ቀይ ፍሬ እሰጣለሁ። ይጨምቁታል። ቆዳው ሲፈነዳ ሁለት ፍሬዎች ሾልከው ይወጣሉ። ያሙለጨልጫሉ፣ በጣፋጭ ነገር ተሸፍነዋል። ጠፍጣፋ ፊታቸውን አንዱ ወደ ሌላው አዙረው የተኙ ናቸው። መልሰው ሊገጥሟቸው ይሞክራሉ። አንድ እሸት ሁለት ፍሬ። ሁለት እሸት አራት። ሦስት እሸት ስድስት። አምስት ላይ ሲደርሱ «አሥር!» የሚለው ጩኸት ጎረቤት ይሰማል። ማንም «ማባዛት» የሚል ቃል አልነገራቸውም።

አንዳንዴ ከአንዱ እሸት አንድ ክብ ፍሬ ብቻ ይወጣል። ይህ ቡና ላይ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ከሁለቱ አንዱ ሳያድግ ሲቀር ሌላው ቦታውን ሁሉ ይይዝና ይከብባል። ያ እሸት የደረሰው ልጅ «ወንድሙ የታለ?» ብሎ መሬት ላይ ሲፈልግ ቆየ። ሌሎቹም አብረው ፈለጉ። ስሌቱ ከአሥር ወደ ዘጠኝ ወረደ። አንድ መቀነስን ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናብ ጠብ ሲል ደግሞ ቡናው ያብባል። ነጭ ነው፣ ሽታው ሩቅ ይሄዳል። አበባው ጥቂት ቀን ቆይቶ ይረግፋል። አበባው ከታየበት ቀን ጀምሮ በየወሩ መጨረሻ ግድግዳ ላይ አንድ ክብ እንለጥፋለን። መጀመሪያ ነጭ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ በመጨረሻ ቀይ። ከአበባ እስከ ቀይ ፍሬ ከሰባት እስከ ዘጠኝ ወር ይፈጃል። ክረምቱ መሃል ስለሚገባ ልጆቹ ሲመለሱ መጀመሪያ የሚሮጡት ወደዚያ ግድግዳ ነው። ያለፉትን ክቦች ለመለጠፍ ይሽቀዳደማሉ። ጊዜ ማለት ምን እንደሆነ ለአምስት ዓመት ልጅ በቃል ማስረዳት ከባድ ነው። በቡና ግን ይገባዋል።

የእንቆቅልሽ ሰዓትም አለን። «እንቆቅልህ» ስል «ምን አውቅልህ» ይሉኛል። አገር ስጠኝ ስል ጅማን የሚሰጠኝ ሞልቷል፤ አጋሮን የሚሰጠኝም አለ፣ አያቱ እዚያ ናቸው። ከጊዜ በኋላ እንቆቅልሹን ራሳቸው መፍጠር ጀመሩ። አንዷ ያመጣችው እንዲህ ይላል። «አረንጓዴ ሆኖ ይወለዳል፣ ቀይ ሆኖ ይለቀማል፣ ጥቁር ሆኖ ይጠጣል።» መልሱን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። እኔን የገረመኝ ሦስት ነገር በቅደም ተከተል መያዟ ነው። መጀመሪያ፣ ቀጥሎ፣ በመጨረሻ። ነገ አንቀጽ ስትጽፍ የምትፈልገው ይህንኑ ነው።

ተረትም ዋናው የማስተማሪያ መሣሪያዬ ነው። «ተረት ተረት» ስል «የላም በረት» ብለው ይመልሳሉ። ሳያውቁት ቤት መምታትን እየሰሙ ነው። ሁለት ቃላት ጫፋቸው አንድ ዓይነት ድምፅ እንዳለው ጆሮው የሰማ ልጅ ማንበብ ሲጀምር ይቀለዋል፤ ቃል በድምፆች የሚከፋፈል ነገር መሆኑን አስቀድሞ ያውቃላ። ከዚያ «ከበረት ጋር ሌላ ምን ይሄዳል?» እላቸዋለሁ። ብረት፣ ምሕረት፣ ጉልበት... ትርጉም የሌለውም ይመጣል። እሱንም እቀበላለሁ።

አንድ ቀን የአንድ ተማሪዬ አያት መጡ። ልጁ «አኮ» ነው የሚላቸው፤ እኛም አኮ አልናቸው። ሦስት እግር ያላት የጅማ በርጩማ አቀረብንላቸው። አማርኛ ጥቂት ነው የሚያውቁት። «ዱሪ ዱሪ» ብለው በአፋን ኦሮሞ የጅብና የአህያ ተረት ጀመሩ። ከልጆቹ ግማሽ ያህሉ ቋንቋውን በደንብ አይሰማም። አኮ ግን ጅብ ሲሆኑ ትከሻቸው ይሰበራል፣ አህያ ሲሆኑ ጆሯቸው ይቆማል። የማይሰሙት ልጆች ፊታቸውን ያያሉ፣ የሚሰሙት ደግሞ ጆሯቸው ላይ ይተረጉሙላቸዋል። በእኔ ክፍል አስተርጓሚ ሆኖ ኮራ ብሎ የተቀመጠው ልጅ በአማርኛ ትምህርት «ወደ ኋላ የቀረ» ይባል የነበረ ነው። የዚያን ቀን ከፊት ነበር። አሁን ዛፍ ስናይ «ሙካ» የሚል አለ፣ ወፍ ስናይ «ሲምቢሮ» የሚል አለ። ሁሉም በሁለቱም ይጠራል። የጅማ ልጅ ድሮም እንዲህ ነው የሚያድገው። ክፍሉ ውስጥ ሲገባ ግማሽ አንደበቱን በር ላይ ትቶ እንዲገባ ማድረግ የለብንም።

አኮ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ ባዶዋን በርጩማ ከበቧት። አንዱ እግሮቿን ቆጥሮ ግድግዳው ላይ ወዳለው ፊደል ገበታ ሮጠና «ይቺ ናት!» አለ። «ሐ» ላይ ነበር ጣቱ ያረፈው። ሦስት እግር። ከዚያ ወዲህ ሐመሩ ሐ በእኛ ክፍል «የበርጩማዋ ሐ» ናት። ማንም ከሃሌታው ሀ ጋር አያምታታትም።

ይህ ሁሉ የእኔ ፈጠራ አይደለም። ጀርመናዊው ፍሬድሪክ ፍሮብል በወጣትነቱ በደን ጠባቂ ሥር ሙያ ሲለማመድ የቆየ ሰው ነበር። በ1840 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ልጆች ትምህርት ቤቱ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን የመዋዕለ ህፃናት ስም ሲሰጥ፣ ልጆቹ ከእንጨት ኳስና ኪዩብ ጋር እንዲጫወቱ፣ እያንዳንዳቸውም የራሳቸው ትንሽ መደብ ኖሯቸው እንዲዘሩ አድርጓል። የሥራው ጅማሬ ጨዋታና አፈር ነበር ማለት ነው። ደብተሩን ያመጣነው እኛ ነን። ሶቪየታዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሌቭ ቪጎትስኪ ደግሞ ልጅ እንጨት እግሩ መሃል አስገብቶ ፈረስ ነው ሲል ምን እየሆነ እንዳለ በጥልቀት አስቧል። ልጁ እንጨቱን እያየ ፈረስ ያስባል። አንድ ነገር ሌላውን ሊወክል እንደሚችል ተረዳ ማለት ነው። ፊደልም ሌላ አይደለም። መስመር እያየን ድምፅ እናስባለን። የእንጨት ፈረስ ጋልቦ የማያውቅ ልጅ ፊደል ሲሰጡት ይቸገራል ብል ብዙ አልተሳሳትኩም።

የእኛም አገር የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ስልጠና ፖሊሲ የመዋዕለ ህፃናት ትምህርት በልጁ ሁለንተናዊ እድገት ላይ እንዲያተኩር ይል ነበር። በ1989 እ.ኤ.አ. የጸደቀውና ኢትዮጵያ በ1991 እ.ኤ.አ. የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነት ደግሞ በአንቀጽ 31 መጫወትን መብት አድርጎ አስቀምጦታል። ወላጆች ስብሰባ ላይ ይህን አነብላቸዋለሁ። ጨዋታ መብት ነው ሲባሉ ብዙዎቹ ይገረማሉ።

ጨዋታውም ከውጭ የሚመጣ አይደለም። ኩኩሉ ስንጫወት ዓይኑን ጨፍኖ «ነጋ» እስኪሉት የሚጠብቅ ልጅ ራሱን መግዛት እየተማረ ነው። አጮልቆ ማየት ያምረዋል፣ ግን ይታገሣል። ሰኞ ማክሰኞ አካሉን ሚዛን ያስጠብቀዋል። ቅልልቦሽ ጠጠሩን ወደ ላይ ወርውሮ እስኪመለስ ሌላውን መልቀም ነው፤ ዓይንና እጅ አብረው እንዲሠሩ የሚያደርግ ከዚህ የበለጠ ልምምድ አላየሁም። ገበጣ ንጹህ ሂሳብ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ለትንንሾቹ ሕጉን አቅልለን እንጫወታለን።

እቃ እቃን ደግሞ ለየት አድርጌ ነው የማየው። ሐሙስ የገበያ ቀን ነው። ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ሕርማታ ገበያ ደርሰው የሚመጡት ብዙ ናቸው። ስለዚህ አርብ አርብ ክፍላችን ገበያ ይሆናል። ቅጠል ጎመን ነው፣ ጭቃ ቅቤ ነው፣ የጠርሙስ ክዳን ብር ነው። «አትቀንሽልኝም?» ትላለች አንዷ፣ ወገቧን ይዛ። «ለአንቺ ብዬ ነው» ትላለች ሻጯ። ከጎን ቡና የሚያፈሉ አሉ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ሦስቱንም ሳይጠጡ መነሳት ክልክል ነው። አንዱን ልጅ ሁለተኛው ላይ ሲነሳ «በረካውን ሳትጠጣ?» ብለው አስቀመጡት። አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ የሚለውን በእንግሊዝኛ ዘፈን ከማስተማር ይህ ይሻላል።

አሁን ወላጆች በትክክል ወደሚፈሩት ነገር ልምጣ። ግቢ አደጋ አለው። ስለዚህ ልጆች ከመውጣታቸው በፊት እኔ ግቢውን እዞራለሁ። ጉሎ ካለ እነቅለዋለሁ፤ ፍሬው ያምራል፣ መርዝ ግን ነው። አስተናግርም እንዲሁ። ሳማ አጥር ሥር ከበቀለች አንድ ቅጠል ከሩቅ አሳይቼ ስሟን አስተምሬ አስወግዳለሁ፤ ምን እንደምትመስል ማወቅ አለባቸውና። እንጉዳይ ይታያል እንጂ አይነካም። ትንሽ ፍሬ ለትንሽ ልጅ ለብቻው አይሰጥም። ባቄላ፣ አተር፣ የቡና ፍሬም ቢሆን አፍንጫና ጆሮ ውስጥ ይገባል፣ ጉሮሮም ሊያንቅ ይችላል። ሲቆጥሩ እኔ ከጎናቸው ነኝ፣ ሲያበቁ ፍሬው ተቆጥሮ ወደ ጣሳው ይመለሳል። መቁጠሩም ያው ትምህርት ነው። ከአፈር በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠባል፣ ያለ ድርድር።

ቀዩ አፈራችን ልብስ ያበላሻል፣ አልክድም። ለዚህ አንድ አሮጌ ቲሸርት ከቤት እንዲመጣ እጠይቃለሁ። ጭቃ ግን አልተውም። ጭቃ የሚያድቦለቡል፣ የሚጠቀልል፣ ቆንጥሮ የሚያሾል ጣት ነው ነገ እርሳስ የሚይዘው። ዝናብም ሰበብ አይሆንም። ጅማ ዝናብ ከተፈራ መቼ ሊወጣ ነው? ብዙ ጊዜ ጠዋቱ ይሻላል፣ ስለዚህ የውጭውን ሥራ በጠዋት እናደርጋለን። ከዘነበ በኋላ ያለው ሰዓት ደግሞ ወርቅ ነው። ቀንድ አውጣ ይወጣል፣ የምድር ትል ይወጣል። ትሉን ረግጦ ይገድል የነበረ ልጅ አሁን በቅጠል አንስቶ ጥላ ሥር ያስቀምጠዋል፤ አፈሩን የሚያላላልን እሱ መሆኑን ስለሰማ።

«እኛ ግቢ የለንም» የሚሉ መምህራን አውቃለሁ። ብዙው መዋዕለ ህፃናት የኪራይ ቤት ውስጥ ነው፣ ግቢው ሲሚንቶ ነው። ያሳዝነኛል፣ ግን በሩ አልተዘጋም። በዘይት ጄሪካን ግማሽ አፈር ይሞላና ባቄላ ይዘራበታል። በብርጭቆ ውስጥ እርጥብ ጥጥ ላይ የተቀመጠ ባቄላ ሥሩን ሲሰድ በዓይን ይታያል። አጥር ላይ ጎጆውን የሚሠራ ቢጫ ወፍ ሰፈሩ ውስጥ አይጠፋም፤ ጎጆውን ሳር በሳር እየሸመነ የሚሠራው ወንዱ ነው፣ ሴቷ መጥታ ትመለከትለታለች። ይህን ብቻ ለልጆች ንገሯቸውና ተረቱን እነሱ ይጨርሱት። አዌቱ ዳር ግን ልጆቼን አልወስድም። በከተማችን መሃል የሚያልፍ ወንዝ ነው፣ የእነሱ መማሪያ መሆን የሚገባው። ቆሻሻ ይጣልበታል። ይህን ስጽፍ ያንገበግበኛል። የከተማዋ ሰዎች ሁላችንም ወንዙን ለልጆች የምንመልስበትን ቀን እመኛለሁ፤ ለዚህ የሚጠራኝ ካለ አካፋ ይዤ እመጣለሁ።

ጅሬን ግን እንወጣለን። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ኮረብታው ላይ ነው፣ ከተማው ከታች ይታያል። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ንጉሥ ናቸው። ለአምስት ዓመት ልጅ ዓመተ ምሕረት ምንም አይደለም። እንጨቱን እንዲነኩ፣ ደረጃውን እንዲቆጥሩ፣ ከላይ ሆነው የራሳቸውን ሰፈር እንዲፈልጉ ነው የማደርገው። አንዲት ልጅ «ንጉሡ ልጅ እያሉ ምን ይጫወቱ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን ወደ ልጆቹ መለስኩት። ፈረስ አሉ፣ ኩኩሉ አሉ፣ ቡና ዛፍ ላይ መውጣት አሉ። ትምህርት ቤት ስንመለስ የሣሉት ሥዕል ላይ ንጉሡ ዘውድ አድርገው ቅልልቦሽ ይጫወታሉ። ታሪክ ማለት አንድ ጊዜ በእውነት የኖረ ሰው ነው፣ ያ ሰው ደግሞ ልጅ ነበር። በዚህ ዕድሜ ይህ ከገባቸው ሌላው ይደርሳል።

ከወላጆች ዘወትር የሚመጣልኝ ጥያቄ ግን አንድ ነው። «ቲቸር፣ ታዲያ መጻፍ መቼ ትጀምሪላቸዋለሽ?» መልሴ ይኸው ነው። ልጁ ጭቃን በጣቶቹ ጫፍ ቆንጥሮ የድንብላል ያህል ማድቦልቦል ሲችል፣ መቀስ ይዞ ቅጠል በመስመር ሲቆርጥ፣ የሰማውን ተረት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለጓደኛው ሲያወራ፣ «ይህን ጻፊልኝ» ብሎ ራሱ ሲመጣ። ያኔ እርሳስ እሰጠዋለሁ። መጀመሪያ የሚጽፈው አንድ ገጽ «ለ» አይሆንም፣ የራሱ ስም ነው። ቀጥሎ የሚፈልገውን እሱ ይመርጣል። አሁን ያሉኝ ልጆች ብዙዎቹ የመረጡት «ጉሬዛ» ን ነው። ያቺ ዝምተኛ የነበረች ልጅ ደግሞ ሦስቱን ፊደል ከጻፈች በኋላ ከሥሩ አንድ ትንሽ ነጭ ጉሬዛ ሣለች። ጣት በአፏ ነው። ደብተሯ ውስጥ አለ፤ እናቷ መጥታ ልታየው ትችላለች።